የእናቴ የመስታወት አመራረጥ
እናቴ ቡታጅራ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ፀሐይ የነካው ቆዳዋ ሁሉ የሚቆስልበት ሕመም ከያዛት ወዲህ ግን የኔን ወፍራም ብርድ ልብስ መስኮቷ ላይ ሰቅዬ ጨለማ ውስጥ አስቀመጥኳት። ሐኪሟ ጨረር የሚከላከል መስታወት እንዳለ ሲነግረን፣ አመሻሽ ላይ ይዣት መስታወት ቤት ሄድኩ። ሻጩ በጣም ጥቁሩን አንስቶ፣ «እትዬ፣ ይሄ ፀሐይ የሚባል አያስገባም» አላት። እኔ እሺ ልል ስል እሷ፣ «ቆይ ልጄ፣ እስቲ ከየዓይነቱ ቁራጭ ስጠኝ» አለችው።

ቤት ስንገባ ከጣቃው ቀይ ጨርቅ ቀደደችና በየመስታወቱ ሥር አድርጋ ጣሪያ ላይ እንዳሰጣው ሰጠችኝ። «ሱቅ ደጃፍ የሰቀልኩትን ስንቱን ጨርቅ ፀሐይ በልታብኛለች! አመሏን አውቀዋለሁ» አለች። ሳምንታት አልፈው ሳወርደው፣ በጥቁሩ ሥር የነበረው ደብዝዟል። በመሃሉ ስስ ፕላስቲክ በገባበት፣ ጥርት ባለው ድርብ መስታወት ሥር የነበረው ግን ያን ዕለት የተቀደደ ይመስላል። «ጨርቁን ያልበላች ቆዳዬንም አትበላም፤ ይሄን አስገጥምልኝ» አለች።

ድርቡ መስታወት የተገጠመ ዕለት መንገዱን ቁልቁል እያየች አላፊ አግዳሚውን በየስሙ ስትጠራ ዋለች። ከዚያ ብርድ ልብሱን አጣጥፋ ሰጠችኝና፣ «በል ወደ አልጋህ መልሰው፤ ስትኮራመት ከርመሃል» አለችኝ።