ዝም ያለው የራቤል መሣሪያ

ስልክ አላነሳ ያለኝን ልጄን ፍለጋ ወደ ራቤል ከተማ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ኮምፒውተር የታቀፈውን ወጣት ያነጋግራሉ።

«ምን ትጽፋለህ ልጄ?»

«የየከተማውን የኔትወርክ መሣሪያ እየጠየቅኩ ነው፣ አባባ። አንድ መስመር ትእዛዝ ስልክለት እንዴት እንዳደረ ይነግረኛል።»

«እኛም የጓሳን የሣር ምድር ከሌባ ስንጠብቅ ከጋራ ጋራ እንጣራ ነበር። ‹ሣሩ ደህና አደረ?› ስንል ማዶ ያሉት ጠባቂዎች ‹ደህና!› ይሉናል። ወይ ጊዜ!»

«ኔትወርኩ ምን ነበር?»

«ጉሮሮ ነዋ! ብቻ ስምህን ካልተናገርክ የሣር ሌባ ነህ፣ ማንም አይመልስልህም።»

«ይኼም የሚስጥር ቃሉን ካልጻፉለት አይመልስም።»

«የራቤሉስ ምን አለህ?»

«እሱ ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብሎኛል፤ ለዚያ ነው የምሄደው።»

«አትስጋ። እኛም ዝም ሲሉን እየሮጥን ስንደርስ፣ ጥሪያችንን ጉም ውጦት እነሱ እሳት ከበው ሲሥቁ እናገኛቸው ነበር።»

እኔ በመስኮት ጉሙን እያየሁ፣ ለልጄ የያዝኩትን በሶ ጉልበቴ ላይ አደላደልኩ።