ሠላሳ ስድስቱ ራጂዎች

ሄሎ... አቤት፣ ራዶይ ነኝ። ... ቫልቾ፣ እንዴት ዋልክ? ... አውቃለሁ፣ የአሮጌ ብስክሌቶቹ ጉዞ እሁድ ነው። ... የኋላ ጎማህ? እሱን ልነግርህ ነበር።

... አይ፣ አልሠራሁትም። የጎማው ሽቦዎች፣ ራጂዎቹ የሉም። ... ሠላሳ ስድስቱም። ... ቆይ፣ አትጩህብኝ፣ ልንገርህ —

ነዲያልካ፣ ሬዲዮኑን ቀንሺልኝ እስቲ፣ ቫልቾ ነው።

ሄሎ፣ አሁን ትሰማኛለህ? ሚስቴ ሬዲዮ ከፍታ ነው። የልጅ ልጄ ናት የወሰደቻቸው፣ ደሲሚራ። ... የሥዕል መምህሯ «ቤት ውስጥ ወድቆ ያገኛችሁትን አምጡና ቅርጽ ሥሩበት» ብላቸው፣ ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ጠራርጋ ሄደች። የተጣለ መስሏት። ... የአባትህ ብስክሌት መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ... ልክ ነህ። መቆለፍ ነበረብኝ።

... ሄድኩ እንጂ። ዛሬ ጠዋት ደሜ ፈልቶ ትምህርት ቤቷ ሄድኩና ክፍላቸው ሳላንኳኳ ገባሁ። ... እሱን ነው የምልህ፣ የሠራችውን ሳይ ቁጣዬን ረሳሁት።

... ምን ሠራችበት? እንጃ። ... ወፍም አይደለም፣ ዛፍም አይደለም። ምንም አይመስልም። ያንተ ራጂ፣ የሽንኩርት መረብ፣ የእርጎ ዕቃ ክዳን... ቁመቱ ከኔ ይበልጣል። ... ሳቅ፣ ግድ የለም።

ስማኝ ቫልቾ። ሃምሳ ዓመት ጎማ ስወጥር ኖሬያለሁ። ራጂ መሀል ላይ የሚይዘው ከሌለ ይበተናል፣ አይደል? የሷ መሀሉ ባዶ ነው። ... ባዶ፣ አዎ። ግን ቆሟል። ዞርኩት፣ ተንበርክኬ ከሥሩ አየሁት፣ በምን እንደቆመ አጣሁት። ብጠይቃት «አባባ፣ እርስ በርሳቸው እኮ ነው የሚጓተቱት» አለችኝ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ።

... ኋላ አንዱ ተማሪ መስኮት ሲከፍት ነፋስ ገባና ራጂዎቹ ሁሉ አንድ ላይ እም... አሉ። በቀስታ። እኔ ኮፍያዬን አውልቄ ቆምኩ። ... እንጃ ለምን እንዳወለቅኩ። ቤተ ክርስቲያን የገባሁ ነው የመሰለኝ።

... አይ፣ ተመሳሳዩ አይገኝም፣ አልዋሽህም። ለእሁድ አይደርስም። ...

... እኔማ ልነቅለው አልችልም። እጄ እምቢ አለኝ። ... መብትህ ነው፣ ንብረትህ ነው፣ ሄደህ ንቀለው። ክፍሉ ክፍት ነው። ... ፒንሳ? ያዝ እንጂ። እኔም ይዤ ነበር የሄድኩት።

ሄሎ... ቫልቾ?

ስልኩን ዘጋው፣ ነዲያልካ። ሊነቅለው እየሄደ ነው። ... አይ፣ አልከተለውም። ብቻውን ይየው።