ቋንቋው ያልታወቀ ደብተር

«መንገዱ እንዴት ነበር፣ እትየ ወለተ ማርያም? እናንተ ዘንድ ይጁቤም ዘነበ? ነጠላዎ እኮ ርሷል... ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።»

አመተ ሥላሴ ድምፅዋን ከፍ ያደረገችው ለእንግዳዋ ብላ አልነበረም። በደብረ ማርቆስ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የቆዩ ደብተሮችን ፎቶ እያነሱ ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጡት እሷና ወጣቱ አለቃዋ ናቸው፤ የእሱ በር ደግሞ ገርበብ ብሏል። ወይዘሮዋ የአባታቸውን የሠርግ ዘፈኖች ፍለጋ መጥተዋል። ዋናው ደብተር በስብሷል፣ የልጃቸው ሠርግ ለእሑድ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን «የለም» ይላል። አመተ ሥላሴ ወደ ገርበብ ያለው በር ዞር ብላ ቀጠለች።

«አይደንግጡ፣ አልጠፋም። “ቋንቋው ያልታወቀ” የሚባል ክፍል አለን፤ እዚያ ከስንት መቶ ደብተር ጋር ተኝቷል... ምን ይደረግ? ኮምፒውተሩ ለየቋንቋው መለያ ኮድ ይጠይቃል፤ ለአባትዎ ቋንቋ ለኩንፈልኛ ደግሞ ኮድ የለውም። ከሥሩ ማስታወሻ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ አለ፤ “ኩንፈልኛ”... አምስት ፊደል ናት። ግን የተማረ ሰው ዝም ብሎ ይጽፋል እንዴ? የእኛን ልጅ፣ አለቃዬን፣ በጥንቃቄ ማን ይደርስበታል! ያላወቀውን አውቃለሁ አይል... ያወቀውንም።

ደብተሩንማ ራሱ ነው ያገላበጠው። እኔ አንዲት ቃል አልገባኝም። እሱ አንድ ገጽ ላይ ሲደርስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሳቀ! ጉልበቱን እየመታ፣ እንባው እስኪወርድ! ከዚያ መነጽሩን ጠረገና... “ያልታወቀ” ብሎ መዘገበው። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባል የለ? የእኛስ ተኝቶም ይስቃል!

እናቱን አያውቋቸውም? ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ በዚህ በር ብቅ ይላሉ። አነጋገራቸው ቁርጥ እርስዎን ነው። እሱ ታዲያ ሰው ካለ በአማርኛ “ውጭ ቆዪኝ” ይላቸዋል... ጨዋነት ነው እንግዲህ፣ አንባቢ እንዳይረበሽ ብሎ። እንዲህ ያለ አስተዳደግ ከየት ይገኛል?

በሉ እኛ አንድ በአንድ እየከፈትን እንፈልግ፤ እሑድ እንደሆነ አይጠብቀንም።

እኔማ ጧት ማታ እመርቀዋለሁ። እናቱን ዕድሜ ይስጥለት... እጃቸውን ጭነው በቋንቋቸው የሚመርቁት ቀን ሲመጣም፣ የቱ ላይ “አሜን” እንደሚባል የሚነግረው ሰው አያሳጣው።»