ሥልጠናው ያልገባቸው ሼህ አደም

ሆሞሻ ገበያ አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ በስልክ ገንዘብ ስለሚላክበት መተግበሪያ ሊያሠለጥነን መጣ። ማንጎ ዛፍ ሥር ሰብስቦን፣ "የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም እንዳትናገሩ፣ ለባንክ ሠራተኛም ቢሆን" እያለ ሲያደርቀን አረፈደ። መጨረሻ ላይ ምዝገባው እንዲፈጥንለት ስልካችንን ሰበሰበና፣ "በሉ፣ ሚስጥር ቁጥራችሁን ተራ በተራ ጮክ ብላችሁ ንገሩኝ" አለ። እኛም ተሰልፈን ጮህን። እኔ እንዲያውም እንዳይሳሳትብኝ ብዬ ሁለቴ ደገምኩለት።

ማንጎ ነጋዴው ሼህ አደም ብቻ ስልካቸውን ኪሳቸው እንደከተቱ፣ "ልጄ፣ ለማንም አትንገሩ ያልከው አንተ ነህ" አሉት።

"እኔ እኮ አሠልጣኙ ነኝ" አለ ተቆጥቶ።

"አሠልጣኝም ሰው ነው" አሉና ተነሥተው ሄዱ። ሳቅንባቸው። ሰውዬው ከስማቸው ጎን "ሥልጠናው አልገባቸውም" ብሎ ጻፈ። ለገባን ለእኛ ደግሞ የምስክር ወረቀት አደለን፤ የእኔን ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ።