በሊጥ የተደፈነው የቁልፍ ቀዳዳ

በሚያዝያ የጣለው እርጥብ በረዶ የመብራቱን ሽቦ በጥሶ በጣለ ማግስት፣ ነርሷ ኔቬና ከተራራው መንደር አራስ ጠይቃ ወደ ኖቫ ቫሮሽ ከተማ ስትወርድ ሳታስበው ከአጎቷ ከጎይኮ ጋር መንገድ ላይ ተገጣጠመች። ሽማግሌው የበግ ቆዳ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ታቅፈው፣ ራሳቸውን ለብርዱ አጋልጠው፣ ማዶ ምሰሶ ላይ የወጡትን የመብራት ሠራተኞች ይራገሙ ነበር።

"ነፍሰ ገዳዮች!" ይላሉ። "በጠራራ ፀሐይ ነፍስ ታጠፋላችሁ!"

"ምነው አጎቴ፣ ማን ሞተ?" አለች ኔቬና። ልቧ ቀድሞ ወደ ስታና ሮጧል።

ስታና የጎይኮ ሚስት ናቸው። ኔቬናን እናቷ ከሞተችባት ቀን ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሳንባቸው ታሞ፣ ከበረዶው ወራት በፊት ከሚውለው ከቅዱስ ድሜጥሮስ በዓል ወዲህ አልጋ ላይ ውለዋል። ሐኪሙም እሷም "ክፍሉ አየር ያግኝ" ቢሉ ጎይኮ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው፣ መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ጋርደው ዙሪያውን በምስማር መትተውታል። ኔቬና ክረምቱን ሙሉ ስትለምን፣ ስትቆጣ፣ ሲብስባትም ስታለቅስ ከርማለች፤ ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት። ባለፈው ስትጠይቃቸው የስታና ከንፈር ጠቁሮ አይታ ስለነበር፣ አሁን የአጎቷን አፍ አፍ እያየች መልሱን ጠበቀች።

ጎይኮ ባርኔጣውን ገለጥ አደረጉላት። አንዲት ቢጫ ጫጩት አፏን ከፍታ ታለከልካለች።

"የስታና ጫጩቶች ናቸው። እናታቸውን ሸለምጥማጥ በላብን። በቀዩ አምፖል ስር እያሞቅኋቸው ሳለ እነዚህ መብራቱን አጠፉብኝ። ይኸው አብዛኞቹ አለቁ። ለዚችኛዋ ራኪያ ጠብ አድርጌላታለሁ።"

"ለጫጩት አረቄ?"

"እኔን ስንቴ ከሞት መልሶኛል!"

"አምፖሉ ከጠፋ በኋላ የት አደረጓቸው?"

"ስታና ሙሽራ ሆና ይዛው በመጣችው ሣጥን ውስጥ ነዋ። ከታች የጋለ ጡብ፣ ከላይ ብርድ ልብስ፣ ክዳኑንም ግጥም። ምን ያደርጋል፣ የቁልፉን ቀዳዳ ረሳሁት! በሊጥ የደፈንኩት ዛሬ ጠዋት ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በዚያች ቀዳዳ ፕሮማያ ገብቶ ፈጀልኝ።"

ፕሮማያ የምንለው በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ በሌላው የሚወጣውን የነፋስ ሽውታ ነው። በእኛ አገር ሰው ጎርፍ ወሰደው ሲባል "ነፍስ ይማር" ብለን እናልፋለን። ፕሮማያ መታው ከተባለ ግን "መስኮቱን ማን ከፈተው?" ብለን ወንጀለኛ እንፈልጋለን። አንገታችን ቢቆለመም፣ ጥርሳችን ቢጠዘጥዘን፣ አማታችን ቢያኮርፉ ሰበቡ እሱ ነው። በበጋው፣ በሐምሌ ሐሩር አውቶቡስ ውስጥ ላባችን እየተንጠባጠበ፣ መስኮት ሊከፍት እጁን የሰነዘረውን መንገደኛ በአንድ ድምፅ እንጮህበታለን። በሌላ በምንም ነገር ተስማምተን አናውቅም።

ኔቬና አውቶቡሱ እንደሚያመልጣት እያወቀች ከአጎቷ ጋር ወደ ቤታቸው ተመለሰች።

በሩ ሲከፈት የእርጥብ እንጨት ጭስ፣ የመድኃኒትና የቆየ ትንፋሽ ሽታ ፊቷን ገጨው። ስታና ከምድጃው አጠገብ ካለው አልጋ ላይ እጃቸውን ብቻ አንስተው ሰላምታ ሰጧት፤ ለመናገር ትንፋሽ እየቆጠቡ ነበር። ጎይኮ በሩን ከኋላቸው ቶሎ ዘጉና በታችኛው ክፍተት ጨርቅ ወተፉበት።

ኔቬና ሣጥኑን ከፈተችው። እንፋሎት ቡልቅ ብሎ ወጣ። የሞቱት ጫጩቶች ከውሃ ውስጥ እንደወጡ ሁሉ ላባቸው ተጣብቋል፤ የተረፉትም ዓይናቸውን ጨፍነው ይንቀጠቀጣሉ።

"አጎቴ፣ እስቲ ክዳኑን ከውስጥ በኩል ይዳስሱት።"

"እርጥብ ነው።"

"ማን ውሃ ደፋበት?"

"ማን ይደፋበታል! በእኔ ቤት እብድ አለ?"

"ትንፋሻቸው ነው። መውጫ ቢያጣ ተመልሶ ዘነበባቸው። የረጠበ ጫጩት ምድጃ ላይ ቢቀመጥም ይበርደዋል። ጡቡ ደግሞ ከስር እየጠበሳቸው መሸሻ የላቸውም፤ የሚተነፍሱትም አየር አለቀባቸው። ለመሆኑ በሕይወት የተገኙት የት በኩል ነበሩ?"

ጎይኮ ጢማቸውን አሻሹ። "በቁልፉ በኩል።"

"እንዴት ሆነው?"

"አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው... ምንቃራቸውን ወደ ቀዳዳው አድርገው።"

"ታዲያ ያቺ ቀዳዳ ገደለቻቸው ወይስ አተረፈቻቸው?"

"ሞት የጠራው ፍጥረት በራሱ እግር ነው የሚሄድለት" አሉ ጎይኮ ግግም ብለው።

የኔቬና ደም ፈላ። ሰው አለማወቁ ነውር አይደለም፤ ማስረጃውን በገዛ እጁ ይዞ ዓይኑን ሲጨፍን ግን ያናድዳል።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎን ማክበር ያስተማሩኝ እዚያ የተኙት ሴት ናቸው" አለች። "ነገር ግን ይሄ ፍርድ አይደለም! መብራቱን ከሰሱ፣ ሠራተኞቹን ከሰሱ፣ ነፋሱን ከሰሱ። ክዳኑን የገጠመው እጅ ግን የማን ነው? ሊጡንስ ያቦካው ማን ነው?"

"እንግዲህ ተማርኩ ብለሽ ልትሰድቢኝ ነው? እናት ዶሮስ አምፖል አላት? ጥርቅም አድርጋ ታቅፋ አይደል የምታሳድጋቸው!"

"ዶሮ ክንፏን በመርፌና በክር ስትሰፋ አይተዋል?"

"ምን?"

"ታቅፋቸው ስትተኛ ጫጩቶቹ ምን ያደርጋሉ? እርስዎ ከልጅነትዎ ጀምሮ ያዩት ነገር ነው።"

ጎይኮ "አንገታቸውን በክንፏ በኩል ብቅ ያደርጋሉ" አሉ። "ሲሞቃቸው ይወጣሉ። ሲበርዳቸው ይገባሉ።"

"እኛም የዶሮዋን ሥራ እንሥራ። መብራት አያስፈልገንም። የፖም ሣጥን፣ ድርቆሽ፣ አንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃና ያረጀ ሱፍ ይበቃናል።"

"ሱፉን ከዚህ ውሰጂ" አሉ ስታና ከአልጋቸው፤ የለበሱትን ሹራብ እያወለቁ። "ያረጀ ነው። ሌላም አለኝ።"

ኔቬና የፖሙን ሣጥን ጎንና ታች በደረቅ ድርቆሽ ወፍራም አድርጋ ጠቀጠቀችው። ሹራቡን ቀድዳ በቀጫጭኑ ተለተለችና ከአንድ ሳንቃ ስር አንጠለጠለችው፤ ሳንቃውንም የሱፉ ጫፍ የጫጩቶቹን ጀርባ እስኪነካ ድረስ ዝቅ አድርጋ አስቀመጠችው። ሙቁን ጠርሙስ በሱፍ ካልሲ ከትታ በአንድ ጥግ ብቻ አኖረችው፤ የበረደው እንዲጠጋ፣ የበቃው ደግሞ እንዲሸሽ። በፊት ለፊት በኩል ወደ ውሃውና ወደ ጥሬው የሚያስወጣ መግቢያ ተወች። ከዚያ መሰርሰሪያውን አንስታ ለአጎቷ ዘረጋችላቸው።

"ቀዳዳ ይብሱ።"

"እኔ? በገዛ እጄ ፕሮማያ ልጥራ?"

"ስለ ሽውታው ግማሹን ልክ ነዎት፤ ነፋስ ሰውነታቸውን ሲመታው ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ከራሳቸው በላይ፣ ከፍ አድርገው ይብሱት። ትንፋሹ በላይ ይወጣል፣ ሙቀቱ በታች ይቀራል።"

ጎይኮ ይህችን ግማሽ ልክነት እንደ ሹመት ተቀበሏት። እያጉረመረሙ በእያንዳንዱ ጎን አንድ አንድ ቀዳዳ በሱ። "ካለቁ ግን በአንቺ ነው!" አሉ፤ ይህንንም ሁለት ጊዜ ደገሙት።

የተረፉትን ጫጩቶች በደረቅ ጨርቅ አሻሽታ ከሱፉ ስር አስገባቻቸው፤ ባለ ባርኔጣዋም ተጨመረች። መጀመሪያ ጩኸታቸው ጆሮ ይበሳ ነበር። ጎይኮ በርጩማ ስበው ተቀመጡና እንደ ዳኛ አገጫቸውን ተደግፈው አዳመጡ። ጠርሙሱ አንድ ጊዜ ተቀየረ። ጩኸቱ እየላላ፣ እየተቆራረጠ መጣና በመጨረሻ ወደ ዝቅተኛ ጉርምርምታ ተለወጠ፤ ጫጩት ሲመቸው የሚያሰማው ያ የእንቅልፍ ድምፅ ነው።

"እጅዎን ያስገቡ" አለች ኔቬና።

አስገቡ። ፊታቸው ተቀየረ። "ደረቅ ነው" አሉ። "ሞቋል፣ ደግሞ ደረቅ ነው።" ያቺ ጫጩት አንገቷን በሱፉ መሐል ብቅ አድርጋ አየቻቸው። "አየሻት፣ ጤነኛ ሆነች እኮ! ድሮም ራኪያ..."

"ጎይኮ" አሉ ስታና።

"አቤት።"

"ለጫጩቶቹ ቀዳዳ በሳህላቸው?"

"በሳሁላቸው፤ ሰማሽ አይደል።"

"ለእኔስ?"

ጎይኮ ዞር ብለው አዩዋቸው። ስታና በክርናቸው ተደግፈው ቀና ብለዋል። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ቁጣው ግን ክረምቱን ሙሉ የተጠራቀመ ነበር።

"እኔ እኮ ከድሜጥሮስ ወዲህ ሣጥን ውስጥ ነኝ። ሌሊት ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ የምተኛው አንተን ጠልቼ ይመስልሃል? በበሩ ስር ትንሽ አየር ትገባ ነበር። ባለፈው ሰሞን እሷንም በጨርቅ ወተፍካት።"

"እኔ... እንዳትሞቺብኝ ብዬ ነው እኮ፣ ስታና።"

"አውቃለሁ። ጫጩቶቹንም እንዳይሞቱብህ ብለህ ነው ሊጥ ያቦካኸው።"

ሽማግሌው መጀመሪያ ወደ ተከፈተው የሙሽርነት ሣጥን፣ ቀጥሎም በቁልፉ ቀዳዳ ላይ ወደ ደረቀው ሊጥ ተመለከቱ። ምንቃራቸውን ወደዚያ አዙረው የተገኙት ጫጩቶች ትዝ ሳይሏቸው አልቀሩም፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ተነስተው ጉጠት አመጡ።

ምስማሮቹ ዝገው ስለነበር በቀላሉ አልወጡም። ጎይኮ እያንዳንዱን ሲነቅሉ ይሰድቡታል፤ ስድቡ ለምስማሩ ይሁን ለመቺው አልታወቀም። ኔቬና ስታናን አንገታቸው ድረስ ሸፍና፣ ራሳቸውን በሻሽ ጠቅልላ፣ አልጋውን ከመስኮቱ ፊት ራቅ አደረገችው።

"የመስኮቱን የላይኛውን ክፍል ብቻ ይክፈቱ" አለቻቸው። "ቀኑን ሙሉም አይደለም፤ ጠዋትና ቀትር ላይ የቆየው አየር እስኪወጣ ድረስ። ምድጃው ይንደድ፣ ግን በደረቅ እንጨት ብቻ። ይህ መድኃኒቱን አይተካም፤ መድኃኒቱ ግን በጭስ መሐል ምን ሊሠራ ይችላል?"

መስኮቱ ተከፈተ። የበረዶና የጥድ ሽታ ያለው አየር ገባ። ስታና ዓይናቸውን ጨፍነው ረዥም ትንፋሽ ወሰዱ፤ ኔቬናም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

ጫጩቶቹ እውነተኛ ላባ አውጥተው ሣጥኑ በጠበባቸው ሰሞን ኔቬና ተመልሳ መጣች። ስታና ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሳንባቸው ጨርሶ አልዳነም፤ የከንፈራቸው ጥቁረት ግን ለቋል፣ ሌሊትም ይተኛሉ። ጎረቤታቸው ሚሎየ ከእሷ ጋር እኩል ደረሰና ገና ከደጃፉ ኮሌታውን ወደ ላይ ሰበሰበ።

"ማነው መስኮቱን የከፈተው? ፕሮማያ ሊፈጃችሁ ነው እኮ!"

ጎይኮ ከርጩማቸው ብድግ አሉ። "ስማ ሚሎየ! ሙቀት ከደረቅ መኝታና ከሱፍ ነው የሚገኘው እንጂ ከተደፈነ ቀዳዳ አይገኝም። ቤት የሚተነፍስ ከሆነ ግድግዳው አያልበውም፣ እንጨትህ በከንቱ አያልቅም፣ ሕፃን አያስልም፣ በሽተኛ ይተኛል፣ ጫጩት ያለ አምፖል ያድጋል። ይህን ሁሉ ከዱሮ ጀምሮ አውቀው ነበር!" ኔቬናን በጎን አዩዋትና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "ማለቴ... ካወቅሁ ቆየሁ። አሁን ወይ አርፈህ ተቀመጥ፣ አለዚያ እዚያ ሣጥን ውስጥ ከትቼ የቁልፉን ቀዳዳ በሊጥ እደፍንብሃለሁ!"

ሚሎየ ኮሌታውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ስታና ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያወጣ ሳቁ። ጎይኮ እንደ ልማዳቸው የውሃውን ብርጭቆ አንስተው፣ ከሳቁ በኋላ የሚመጣውን ሳል ቆመው ጠበቁ።

ሳሉ አልመጣም።