የመሪጌታ ወልደ ገብርኤል እግርና ዱካው

በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ጫማዬን ላሰፋ ፒያሳ ወርጄ ሳለ መሪጌታ ወልደ ገብርኤልን የአንድ ካፌ ግድግዳ ተደግፈው አገኘኋቸው። በልጅነቴ የማሕሌት ዜማ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ግን ዜማውን ትቼ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ሆንሁ፤ ይህንንም እስካሁን በሙሉ ልብ ይቅር አላሉኝም። ሠላሳ ዓመት በማሕሌት የቆሙ ሰው ግድግዳ ሲደገፉ ሳይ ደነገጥሁ።

«የኔታ፣ ምነው እዚህ?»

«ዛሪማ የምትሄድ ማኪና ከዚህ ታነሣኛለች። እዚያ ሸጋ አድርጎ ዋግምት የሚያግም ሰው አለ አሉኝ። የእግሬን ክፉ ደም አስወጥቼ ለፋሲካ መቆም አለብኝ።»

የእኅቴ ልጅ ፍሬሰላም ነርስ ናት፤ ቤቷም ቅርብ ነው። ለምኜ፣ ተቆጥተውኝም፣ በባጃጅ ወሰድኋቸው። እግራቸውን ለሴት ማሳየት አሳፍሯቸው ብዙ አንገራገሩ። ሱሪያቸውን ሲሰበስቡ ያየሁትን አልረሳውም። ባታቸው ላይ ደም ሥሮቹ እንደ ገመድ ተጠማዘው ወጥተዋል፤ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ቆዳው ጠቁሮ ባቄላ የሚያህል ቁስል ይዟል፤ ከጉልበታቸው በታች ደግሞ ጠፍር ጥብቅ ብሎ ታስሯል።

«ይህን ማን አሰረው?» አለች ፍሬሰላም።

«እኔው ነኝ። ደሙ ከላይ እየወረደ እግሬን ሞላው፤ እንዳይወርድ አሰርሁት። ማሕሌተኛው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርግ።»

አንዲት ንባብ ብትዛነፍ የማያልፉ ሊቃውንት የገዛ እግራቸውን በጠፍር ያንቃሉ፤ እኔም ስንት ዘመን አብሬያቸው ስኖር አላየሁም።

ፍሬሰላም ጠፍሩን ፈታች። «የኔታ፣ ጥፋቱ የደሙ መውረድ አይደለም፤ መውጣት ማቃቱ ነው። ደሙ ወደ ልብ ሲመለስ ወደ ኋላ እንዳይፈስ ደም ሥሩ ውስጥ የሚዘጉ ትናንሽ በሮች አሉ። እነሱ ሲደክሙ ደሙ እግር ላይ ይጠራቀማል። ሳይንቀሳቀሱ ብዙ ሰዓት መቆም ያባብሰዋል። ጠፍሩ ደግሞ የቀረውን መውጫ ዘጋበት።»

«የሴት በሽታ ነው፣ ከወሊድ የሚመጣ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«በሴት ይበዛል እንጂ ወንዱንም አይምርም። ወንዱ በሱሪው ሸፍኖ ዝም ይላል፤ ሐኪም ዘንድ የሚመጣው ሲቆስል ነው።»

«ታዲያ ዋግምቱ ቢቀንሰው ምናለ?»

«ይህ ደም ሥር ምላጭ ከነካው ደሙ በቀላሉ አይቆምም። ሳይነካም ሊፈነዳ ይችላል። ያን ጊዜ ተኝቶ፣ እግርን ከፍ አድርጎ፣ ቦታውን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫንና ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ጠፍር ማሰር የለም።»

«መድኃኒቱን ንገሪኝ እንግዲያ።»

«ነገ አብረን ሐኪም ቤት እንሂድ። ወደ እግርዎ የሚወርደው ደም ደኅና መሆኑ ከታየ፣ ከጣትዎ ጀምሮ ወደ ላይ በፋሻ ይጠቀለላል፤ ቁስሉ ሲድን አጥብቆ የሚይዝ የሐኪም ካልሲ ያደርጋሉ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ጋደም ብለው እግርዎን ከልብዎ ከፍ አድርገው ያሳርፉ። ይራመዱ። ሲቆሙ ተረከዝዎን ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ በየመሐሉም ይቀመጡ።»

«መቼ እድናለሁ?»

«ቁስሉ ወራት ይፈጃል። ደም ሥሩም በፋሻ ብቻ እንደ ድሮው አይሆንም፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። አልዋሽዎትም።»

የኔታ አንገታቸውን ደፉ። «መቀመጥ? ልጅ የለኝ፣ መሬት የለኝ። የነበረኝ መቆሜ ነው፤ ቆሜ ካላመሰገንሁ ምን ቀረኝ?»

«መቋሚያውን አባቶች የሰጧችሁ የደከመ እንዲደገፍበት አይደለም? ለመቀመጫ ዱካ ቢጨመርበት ምን ነውር አለው?» አለች ፍሬሰላም።

«አብሮን ማሕሌት ይቆም የነበረው አያ እንግዳው እንደዚሁ ይል ነበር» አሉ። «አምና እግሩ አብጦ ዱካ ይዞ መጣ። ሰነፍ ብዬ በሰው ፊት አስነሣሁት። ቆመ። በሳምንቱ ያ እግሩ ፈንድቶ፣ ደሙ ፈስሶ፣ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ሞቶ አገኘነው። ጠፍሩ ከጉልበቱ በታች ነበር። አስተሳሰሩን ያሳየሁት እኔ ነኝ።»

ዛሪማ የምትሄደዋ ማኪና ያለ እሳቸው ሄደች።

በሆሳዕና ዕለት ቤተ ክርስቲያን አገኘኋቸው። እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ እብጠቱ ቀንሷል፤ ቁርጥማቱ ለቋቸው እንቅልፍ መተኛት ጀምረዋል። ቁስሉ ግን ገና ነው። ዱካ በእጃቸው ይዘው በማሕሌተኞቹ ፊት ቆሙ።

«እግሩ የከበደው፣ ደም ሥሩ የወጣበት አይደብቅ» አሉ። «ጠፍሩን ፍቱ፤ ወደ ሐኪም ሂዱ። በጊዜ የታከመ ከቁስል ይተርፋል፣ ብዙ ዘመንም ያገለግላል። እኔ ዘግይቻለሁ። የደከመው ይቀመጥ።»

ማንም አልተቀመጠም፤ እሳቸው ለዓመታት የተቈጡትን ቁጣ ሁሉም ያስታውሳል። የኔታ ዱካውን አያ እንግዳው ይቆምበት በነበረው ቦታ አኖሩና እንባቸው እየወረደ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ደመቀ የተባለው ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ ከሱሪው ሥር ጠፍር ፈታ። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎም ሌላው።

የኔታ አጠገባቸው ጠሩኝ።

«የአያ እንግዳውንስ ማን ይፍታለት?» አሉኝ ቀስ ብለው።