የአሮጌዋ ፍሬዛ አዲስ ራስ

በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ በግንብ በታጠረችው ከተማ ኤረር በር አጠገብ የብረት ሥራ ቤት የነበራቸው ሽማግሌ አው ያዕቁብ (አው የአክብሮት መጠሪያ ነው)፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ብረት ታቅፈው ሲመለሱ፣ አዲስ አበባ የቴክኒክ ትምህርቱን ጨርሶ የመጣውን የጎረቤታቸውን ልጅ ዓሊዪን መንገድ ላይ አገኙት።

«አሰላሙ ዓለይኩም አው ያዕቁብ። ምን ይዘዋል?»

«ወዓለይኩሙ ሰላም ልጄ። ውርደቴን ነው የያዝኩት» አሉና ጨርቁን ገለጡለት። ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ወፍጮ የሠሩት ባለጥርስ መንኮራኩር ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ሲሰበር ይህ ሦስተኛው ነው። ወይዘሮዋም ክፉ ቃል ሳይናገሩ፣ «እንግዲህ ሌላ ሠሪ ልፈልግ ነው» ብለዋቸው ነበር። ወፍጮው በቆመ ቁጥር፣ የሚገኝበት የሐኪም ጋራ ሰፈር ሴቶች እህላቸውን ተሸክመው እስከ ከተማው ማዶ ይጓዛሉ።

ዓሊዪ ጥርሶቹን በጥፍሩ ዳሰሰ። «አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ነው። ጥፋቱ የእጅዎ አይደለም፤ የፍሬዛዋ ራስ ይንቀጠቀጣል።»

ፍሬዛ ራሷ ላይ በሚዞር ስለት ብረት እየፋቀች ጥርስ የምታወጣ መኪና ናት። የአው ያዕቁብ ፍሬዛ ጣሊያን ትቷት የሄደች ነበረች።

«ዘንጓ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ሦስት ጊዜ ቀይሬዋለሁ» አሉ።

«የኩሽኔታው መቀመጫ ራሱ ሰፍቷል። ድሬዳዋ አንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ፣ ከጭነት ላይ ወድቃ እግሯ የተሰበረ ፍሬዛ አይቻለሁ። ራሷ ግን ደህና ነው። እሱን አምጥተን እንግጠመው።»

«የአንዷን ራስ በሌላዋ አንገት ላይ? ቀዳዳቸው እንኳ አይገጥምም። ያረጀ አረጀ ነው ልጄ።»

«ብረት የሚያረጀው በሚፋተግበት በኩል ብቻ ነው። ገላዋም ጠረጴዛዋም ጤነኛ ነው። እጅጌው ስለነተበ ካፖርት ይጣላል? ለቀዳዳው ደግሞ መሐል ወፍራም ሰሌዳ ብረት እናገባለን፤ የሁለቱም ቀዳዳ እሱ ላይ ይበሳል።»

አው ያዕቁብ የተሰበረውን ብረት መልሰው በጨርቁ ጠቀለሉት። «እውነቱን ልንገርህ፤ ከዚህ መንቀጥቀጥ ጋር ሃያ ዓመት ተላምጃለሁ። ነገ ብትረጋ፣ በስተርጅና ጀማሪ ልሆን ነው።»

«ለሁለት ሳምንት ይሆናሉ» አለ ዓሊዪ ሳያባብል። «ከዚያ በኋላ ግን እጅዎ መኪናዋን ከመደገፍ ያርፋል።»

አንባቢ ሆይ፣ ሰው አንዳንድ ጊዜ የለመደው ችግር ሙያው ይሆንበታል፤ ችግሩ ሲነሣለት ሙያው የተወሰደበት ይመስለዋል። አው ያዕቁብ ግን በሳምንቱ «ይምጣ» አሉ።

የድሬዳዋዋ ፍሬዛ ራስ መጣ። ዓሊዪ ሰሌዳውን በልክ አስበስቶ በቡሎን ሊያስር ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት።

«ቡሎን ያጠብቃል እንጂ አያቃናም። የአንገቷ ፊት ጎርብጧል።»

ሰሌዳውን ሰማያዊ ቀለም ቀብተው ከአንገቷ ፊት ጋር አሳረፉት፤ ሲያነሡት ቀለሙ የተገኘው ጉብታው ላይ ብቻ ነበር። እሱን በመፋቂያ ሲልጉ ሁለት ቀን ዋሉ።

«ይህን ትምህርት ቤት አላሳዩንም» አለ ዓሊዪ፣ አጎንብሶ እያየ።

ራሱን ከገጠሙ በኋላ እሱ ላይ የታጠፈ ዘንግ አስረው በጠረጴዛው ላይ በእጅ አዞሩት። ጫፉ ሥር ያስቀመጡት ወረቀት በአራቱም ማዕዘን እኩል ሲያዝ፣ ራሱ ቀጥ ብሎ መቆሙን አወቁ።

አው ያዕቁብ የልማዳቸውን ያህል እየተጫኑ መጀመሪያ ሁለት ብረት አበላሹ። ሦስተኛው መንኮራኩር ጥርሱ እኩል ሆኖ ወጣ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በሳምንቱ መጥተው፣ «ጩኸቱ ሲጠፋ ወፍጮው የቆመ መስሎኝ ሮጬ ገባሁ» ብለው አመሰገኗቸው።

ከዚያ ወዲህ የሐኪም ጋራ ሴቶች ቅርባቸው ያስፈጫሉ፤ ለቁርጥራጭ ታስባ የነበረች መኪናም የሦስት ቀኑን ሥራ በአንድ ቀን ትጨርሳለች። ዓሊዪ ከሽማግሌው መፋቅን፣ ሽማግሌው ከዓሊዪ መለካትን ተማሩ። ጎረቤቶች ሲጠይቋቸው አው ያዕቁብ፣ «ደህናውን ይዘህ የላላውን ለውጥ» ይሉ ነበር።

በኅዳር መጨረሻ ወደ ድሬዳዋ የወረዱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ብረት እያዞረች ለምትቀርጸው ለሌላዋ አሮጌ መኪናቸው፣ ለቶርኖአቸው የሚሆን ነገር እንዳለ ሊያዩ።